የማይታየውን ደዌ መማር እምነትን ይቃወማልን?

ከፍጥረት ወገን ዓይን የሚያየውም ዓይን የማያየውም ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ዘወትር ታስተምራለች፤ እኛም በጸሎታችን ዕለት ዕለት እንመሰክራለን። የማይታይ በተባለ ጊዜ ግን ልቡናችን ፈጥኖ ወደ መላእክትና ወደ ነፍሳት ይሄዳል እንጂ፥ ሥጋውያን ሆነው ሳሉ ከትንሽነታቸው የተነሣ ከዓይን የተሰወሩ ነገሮች መኖራቸውን እምብዛም አናስብም። ከእነዚህም አንዱ ቫይረስ የሚባለው ነው፤ ስለ እርሱ የሚደረገውም ምርምር ቫይሮሎጂ ይባላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ደዌ በሀገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ይህ ስም በከተማም በገጠርም በሰው ሁሉ አፍ ገብቷል፤ ስሙ የታወቀውን ያህል ግን ነገሩ አልታወቀም።

ስለዚህ ጉዳይ በምእመናን መካከል ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዳንዶች፥ ደዌን የሚያመጣም የሚያርቅም እግዚአብሔር ነውና ሰው የደዌን ምክንያት በመሣሪያ መርምሮ ለማግኘት መድከሙ ትዕቢት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ ይልቁንም ከዘመናዊው ትምህርት ጥቂት የቀመሱት፥ የደዌው ምክንያት ቫይረስ መሆኑ ከታወቀ ጸሎትና ጠበል ምን ያደርጋል ይላሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ስሕተት የተባበሩ ናቸው። ሁለቱም የፈጣሪን ሥራና የፍጡርን ምክንያት እንደ ሁለት ባላንጣዎች ቈጥረው፥ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ይመስላቸዋል። ገበሬ ግን ዝናም ከደመና እንደሚወርድ እያየ ስለ ዝናሙ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ደመናውን ማየቱ ምስጋናውን አላስቀረበትም፤ ማመስገኑም እርሻውን በጊዜው ከማረስ አላዘገየውም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው ከዚህ ጥቂት ያልፋል። ይኸውም ስለማይታየው ደዌ መማር የተፈቀደ ነገር ብቻ ሳይሆን፥ ለሚችል ሰው ሁሉ ባልንጀራን የመውደድ ዕዳ መሆኑ ነው።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቫይረስ የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው መርዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ኢቫኖቭስኪ የተባለ የሩስያ ሊቅ የትንባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን በሽታ ሲመረምር፥ የታመመውን ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያን ሁሉ በሚያስቀር ረቂቅ የሸክላ ማጥለያ አጠለለው፤ ሆኖም የጠለለው ጭማቂ ጤነኛውን ቅጠል አሳመመው። በ1898 ቤይሪንክ የተባለ የሆላንድ ሊቅ ይህንኑ አረጋገጠና ቫይረስ ብሎ ጠራው። በዚያው ዓመት ሎፍለርና ፍሮሽ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት የከብት የአፍና የእግር በሽታ፥ በ1902ም ኒኮልና አዲል ቤይ የተባሉ ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ የከብት ደስታ ከዚሁ ወገን መሆናቸውን አሳዩ።

ቫይረስ በራሱ አይመገብም፥ አይተነፍስም፥ ብቻውንም አይራባም። በፕሮቲን ቅርፊት የተጠቀለለ ጥቂት የዘር መልእክት ነው። ወደ ሕያው ሕዋስ በገባ ጊዜ ግን ሕዋሱ የገዛ ራሱን ሥራ ትቶ የቫይረሱን ቅጂ እንዲያበዛ ያስገድደዋል። ትንሽነቱንም ለመገመት ያህል፥ የኮሮና ቫይረስ ዐሥር ሺህ ያህሉ ጐን ለጐን ቢሰለፉ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ዓይን በተለየ መሣሪያ ረዳትነት የቫይረስን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ፓስተር ግን እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ሕፃን በክትባት ሲያድን የደዌውን ምክንያት በዓይኑ አላየውም ነበር። ያወቀው በሥራው ነው። የማይታየውን ከሥራው ማወቅ ደግሞ ለእኛ ለክርስቲያኖች እንግዳ ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ ገዛ ሀገራችን ታሪክ እንመለስ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር ወደ ምጽዋ ካስመጣቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ ወደ ሀገራችን ገባ። ደዌው ከበረት ወደ በረት፥ ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ በጥቂት ጊዜ ደጋውንም ቈላውንም አዳረሰው። ከዐሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲታጣ እርሻ ታጣ፤ እርሻ ሲታጣ እህል ታጣ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቈየውም ያ ዘመን በሕዝቡ አንደበት ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ሕዝቡን ማበረታታቸው በታሪክ ይነገራል። ከሕዝቡም ሢሶው በረኃብና ረኃብን ተከትሎ በመጣው ደዌ እንዳለቀ ብዙ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ይህን ሁሉ ያደረገው እንግዲህ ማንም ያላየው አንድ ቫይረስ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ገበሬ በሬው ሲያተኵስና እንባው ሲወርድ ባየ ጊዜ፥ ሳይሞትበት ዋጋውን ለማግኘት ወደ ገበያ ነድቶት ሄደ እንበል። ለልጆቹ እህል ሊገዛበት አስቦ ነው። በገበያው ግን የእርሱ በሬ ከሌሎች መቶ በሬዎች ጋር ዋለ፤ ማታ መቶ በሬዎች ደዌውን ይዘው ወደ መቶ መንደር ተመለሱ። ይህ ሰው የመቶውን ቤት ረኃብ በራሱ ላይ የሚቈጠር ኃጢአት አደረገን? አላደረገም፤ አላወቀምና። በዘመኑም ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን የሚተላለፍ ደዌ መሆኑ ተነግሮት፥ ክትባት እንዳለውም ሰምቶ፥ የታመመ ከብቱን ሰውሮ ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው ቢኖር ምን እንላለን? ሥራው ያው ነው፤ በሬውም ያው፥ ገበያውም ያው ነው። የተለየው ዕውቀት ብቻ ነው፤ ዕውቀቱም ያልታሰበውን ጥፋት ወደ በደል ለወጠው። እንኪያስ ዕውቀት በሰው ላይ አዲስ ዕዳ ታመጣለች ማለት ነው።

ምናልባት አንድ ሰው፥ እንዲህ ከሆነ አለማወቅ ይሻለኛል፤ ካላወቅሁ አልጠየቅም ይል ይሆናል። ይህ ግን የሚያድን ብልሃት አይደለም። ማወቅ ሳይቻለው ያላወቀ ሰው ይቅር ይባላል፤ ማወቅ እየቻለ ዕዳውን ፈርቶ ጆሮውን የደፈነ ግን ቈስሎ የወደቀውን ሰው ላለማየት በወዲያኛው ዳር አልፎ እንደ ሄደው ካህንና እንደ ሌዋዊው ነው። በወንጌል ምሳሌ እነዚያ ሁለቱ የተነቀፉት ወንበዴዎቹን ስለ ረዱ አይደለም፤ ቀርበው ለማየት ስላልፈቀዱ ነው። ሳምራዊው ግን ቀረበ፤ ቁስሉን አየ፤ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት። ቀርቦ ማየት የምሕረት መጀመሪያ ነው፤ የደዌን ምክንያት መማርም ይህን ቀርቦ ማየት ነው።

ለዚህም ምሳሌ በአቅራቢያችን አለን። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ዘንዘልማ ይገኛል። በዚያ ገበሬው በሬውን ጠምዶ በሚያርስበት ምድር አጠገብ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ተተክሏል፤ ወጣቶችም ስለ ሰብልና ስለ እንስሳት ይማሩበታል። አሁን አንዲት የገበሬ ልጅ በዚያ የተማረችውን ይዛ ለበዓል ወደ ቤቷ ተመለሰች እንበል። በመንደሩ ፈንግል ገብቶ ዶሮዎች መሞት ጀምረዋል፤ አባቷም የቀሩትን ለመሸጥ ለነገው ገበያ አዘጋጅቷል። እርስዋ፥ ፈንግል ከዶሮ ወደ ዶሮ የሚተላለፍ ቫይረስ እንደ ሆነ፥ እነዚህ ዶሮዎች ገበያ ቢወጡ ደዌውን ወደ ሌላው መንደር እንደሚያደርሱት፥ ከወረርሽኙ በፊትም ሊከላከለው የሚችል ክትባት በሀገራችን እንደሚገኝ ትነግረዋለች። አባቷ በበኩሉ የሚያስበው ለበዓል ስለሚገዛው ዘይትና ጨው ነው።

በዚያች ማታ በዚያ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ የሳይንስ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የወንጌል ጥያቄ ነው። በሌላው መንደር ከሦስት ዶሮ በቀር ሀብት የሌላት አንዲት መበለት ልትኖር ትችላለች። አባት የማያውቃት ይህች መበለት ባልንጀራው መሆንዋን የሚያስተምረው ወንጌል ነው፤ የእርሱ ዶሮ የእርስዋን ዶሮ እንዴት እንደሚገድል የሚያስተምረው ደግሞ የልጁ ትምህርት ነው። ወንጌሉ ያለ ትምህርቱ ፍቅሩን ወዴት እንደሚያደርስ አያገኝም፤ ትምህርቱም ያለ ወንጌሉ ኪሳራውን የሚታገሥበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ካህኑ ከመቅደሱ፥ ተማሪዋም ከኮሌጁ የሚሉት ነገር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተገናኝቶ አንድ ሥራ ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ምን ፍሬ እንዳፈራም እንመልከት። ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት ደስታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ፕላውራይት የተባለ ሊቅ በኬንያ ያዘጋጀው ክትባት፥ በኋላም ሙቀትን የሚችል ሆኖ ተሻሽሎ በአፋር ምድር ሳይቀር ከአርብቶ አደሩ መካከል በተመረጡ ሰዎች እጅ ለከብቱ ደረሰ፤ በ2003 ዓ.ም. ደዌው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከእርሱ በፊት የጠፋው የሰው ፈንጣጣ ሲሆን፥ በሀገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ ከዓለም መጥፋቱም በ1972 ዓ.ም. ተነገረ። አባቶቻችን በክፉ ቀን ያፈሰሱት እንባና ያሰሙት እግዚኦታ ከንቱ ነበር አንልም። መልሱ ለምን በዚያ ዘመን እንዳልመጣ ለመናገርም አንደፍርም፤ ይህ የእግዚአብሔር ምሥጢር ነው። ነገር ግን ለልጅ ልጆቻቸው መልስ በመጣ ጊዜ የመጣበትን መንገድ፥ ማለትም የተመራማሪውን ትዕግሥትና በበረሃ በእግሩ የሄደውን የከታቢውን ድካም፥ ከእግዚአብሔር ቸርነት ውጭ ነው ብሎ መናቅ ምስጋና ቢስነት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ክርክር፥ ደዌ የኃጢአት ደመወዝ አይደለምን የሚል ነው። ሞትና ድካም ወደ ሰው ባሕርይ በበደል ምክንያት እንደ ገቡ የታወቀ ነው። ይህ ግን ስለ ሰው ሁሉ የተነገረ ነው እንጂ አንዱን በሽተኛ ነጥሎ፥ አንተ ስለ በደልህ ነው የታመምህ ለማለት ሥልጣን አይሰጥም። ኢዮብ ጻድቅ ሳለ በቁስል ተመታ፤ ወዳጆቹም ኃጢአቱን ሊፈልጉለት ሲደክሙ ተወቀሱ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ማን በደለ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። የኤች አይ ቪ ደዌ በሀገራችን በተስፋፋባቸው ዓመታት ስንት በሽተኛ ከደዌው ይልቅ ከሰው ጣት የተነሣ ተሠቃየ! ቫይረስ ጻድቅና ኃጥእ ለይቶ አያውቅም፤ ከታማኝ ሚስት፥ ከማሕፀን ልጅም ይገባል። ይህን መማር ከመፍረድ ይጠብቀናል፤ ስለዚህ የቫይረስ ትምህርት ለንስሐ አባቶች የትሕትና ትምህርት ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት የሚነሣውም ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነውና። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱ በደም ውስጥ ቅጂውን እንዳያበዛ ይከለክለዋል፤ በሽተኛው በየቀኑ በወሰደው መጠን ደዌው ተጨቍኖ ይኖራል። መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜ ግን ቫይረሱ እንደ ገና ይነሣል፤ አልፎ አልፎም መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ይመለሳል። ወደ ጠበል ሲሄዱ መድኃኒታቸውን የጣሉ ምእመናን ስለ ነበሩ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱም እንደማይቃረኑ አስተምረዋል። ይህም አዲስ ትምህርት አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየና ዕድሜ በተጨመረለት ጊዜም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ በለሱ አልቀረም፤ በለሱም ጸሎቱን አላሳፈረውም።

መድኃኒትን የሚጥል ሰው ይህን የሚያደርገው ስለ እምነቱ ጽናት እንደ ሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን ጌታ ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ ደረጃ ሳለ መዝለልን እምነት አላለውም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው አለው እንጂ። መውረጃ ደረጃውን የሠራልን እርሱ ከሆነ፥ በደረጃው መውረድ በእርሱ መታመን ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እናጽናው። የቆሎ ተማሪ ስለ እግዚአብሔር ስም እያለ በየመንደሩ ሲለምን ውሻ እንደማይለየው ካህናቱ ሁላችን እናውቃለን። በጣና ዳር ካለ አንድ ጉባኤ ቤት አንድ ሕፃን ተማሪ ወጥቶ ውሻ ነከሰው እንበል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ በሳምንት ይድናል፤ እርሱም ይረሳዋል። ነገር ግን ውሻው ታሞ ከነበረ ቫይረሱ ከምራቁ ወደ ቁስሉ ገብቶ በጅማተ ነርቭ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞውም ሳምንታት፥ ብዙ ጊዜም ወራት ይወስዳል። በዚህ ጉዞ ጊዜ በክትባት ሊቀደም ይችላል። የደዌው ምልክት ከታየ በኋላ ግን ከሞት የተረፈ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ ይቅበጠበጣል፤ ጉሮሮው እየተኰማተረበት ውኃ ሲያይ ይደነግጣል። የማያውቅ ሰውም ጠበል ሲቀርብለት የሚሸሸውን ይህን ሕፃን ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሊመስለው ይችላል፤ አሥሮም በግድ ያጠምቀው ይሆናል። እንዲህ ያለ ስሕተት ለሚሞተው ሕፃን በሥቃይ ላይ ሥቃይ መጨመር ነው።

የሚያውቅ መምህር ግን በመጀመሪያው ቀን፥ ልጄ፥ ና እግርህን አሳየኝ ይለዋል። ቁስሉን በብዙ ውኃና በሳሙና ለሩብ ሰዓት ያህል ያጥብለታል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል፤ ከደሴት ገዳም ቢሆንም ታንኳ አስቀዝፎ ያሻግረዋል። ክትባቱ እስኪፈጸም ድረስ በየቀጠሮው ይልከዋል፤ በመንደሩም ያሉ ውሾች እንዲከተቡ ለሽማግሌዎች ይናገራል። ከዚህም ጋር ይጸልይለታል፤ ጠበልም ያጠጣዋል። ይህ መምህር ከጸሎቱ ምን ጐደለበት? ከእምነቱስ ምን ተቀነሰ? ምንም አልተቀነሰም። ሳሙናውና ቀዘፋው የጸሎቱ ክፍል ሆኑለት እንጂ። የእግሩን ውኃ ሲያጥብለት ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ትሕትና እየፈጸመ ነውና።

በመጨረሻም ለተማሩት ወገኖቻችን አንድ ቃል እንናገራለን። ዕውቀት ያለ ፍቅር እንደ ተሳለ ቢላዋ ናት፤ እንጀራም ትቈርሳለች፥ ደምም ታፈሳለች። ፈንጣጣ ከሰው መካከል ከጠፋ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአሜሪካና በሩስያ በሁለት የምርምር ቤቶች ተዘግቶ ተቀምጧል። መንግሥታት እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ፥ ይህ ነገር ይጥፋ ወይስ ይቈይ የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ዘልቋል። ደዌውን ያሸነፈ ዕውቀት የሰውን ልብ አላሸነፈም። ስለዚህ ቫይሮሎጂን የሚማር ወጣት ቤተ ክርስቲያንን ጊዜ ያለፈባት አድርጎ አይናቃት፤ የተማረውን ለማን እንደሚያውለው የሚነግረው ማጉያ መሣሪያው አይደለምና። ካህኑም የተማረውን ልጅ በጥርጣሬ አይመልከተው፤ ይልቁንም ወደ ዐውደ ምሕረቱ ጠርቶ የሚያውቀውን ለሕዝቡ እንዲነግር ያድርገው።

እንግዲህ አባቶችና ወንድሞች እኅቶችም፥ የማይታየውን ደዌ መማር እምነትን የሚቃወም አይደለም። የሚቃወመው ማወቅ እየተቻለ አለማወቅ፥ ከዐወቁም በኋላ ስለ ባልንጀራ ግድ አለመኖር ነው። በበረታችን በሬ ወይም ዶሮ ሲታመም፥ በጉባኤ ቤታችን ሕፃን ሲነከስ፥ ወደ ጠበላችን መድኃኒቱን በጉያው የያዘ በሽተኛ ሲመጣ፥ የምንናገረው አንድ ቃል ሰውን ወይ ያድናል ወይ ይገድላል። ያን ቃል ከመናገራችን በፊት እንማር፤ ያልተማርነውንም የተማረውን እንጠይቅ። የሚታየውንም የማይታየውንም የሚያውቅ አምላክ ልቡናችንን ለማስተዋል፥ እጃችንን ለምሕረት ይክፈትልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።